ወለሉም ወይራ ነው

መምህሩ ከታመሙ በኋላ አንዲት ቃል ብቻ ቀረቻቸው፤ እሷም የእናታቸው ቋንቋ ቃል አልነበረችም።

ጡረታ እስኪወጡ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው «ቆፋሪው» ይሏቸው ነበር። አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ከጻፉ ትርጉሙን ብቻ ተናግረው አያልፉም፤ ከየት መጣ፣ በማን አፍ አለፈ፣ ድሮስ ምን ማለት ነበር እያሉ ሲቆፍሩ ሲቆፍሩ ደወል ይደወላል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይበሳጫል፣ ያልደረሰበት አፉን ከፍቶ ይሰማል። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል። እንዲያውም «ዛሬ መሬቱ ጠጥሮብኛል» እያሉ በራሳቸው ይቀልዱ ነበር።

እኚህ ሰው ናቸው አንድ ጠዋት ፊታቸውን እየታጠቡ ሳለ ቀኝ እጃቸው የከዳቸው። ሚስታቸው የሳሙና ማስቀመጫው ወድቆ ሲሰበር ሰምተው ሲሮጡ፣ ባላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው አገኟቸው። ቧንቧው ይፈሳል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም።

ሐኪሞቹ በግራ በኩል ያለው የአንጎላቸው የደም ሥር ተዘግቶ እንደነበር ተናገሩ። ነፍሳቸው ተረፈች። እግራቸውም እየዋለ እያደረ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቃላቱ ግን አልተመለሱም። ሚስታቸውን ያያሉ፣ ያውቋቸዋል፣ እጃቸውን ይጨብጣሉ፤ ስማቸውን ልጥራ ሲሉ አንገታቸው ላይ ሥሩ ይገታተርና ይተዉታል። ያን ያህል ያወሩ ሰው ዝም ሲሉ ክፍሉ ራሱ ጠበበ።

ታዲያ አንድ ቀን ነርሷ የደረቀ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ስትቀባቸው፣ መምህሩ ትንሿን ዕቃ በዓይናቸው ተከተሏትና ጥርት ባለ ድምፅ «ኦሊቭ!» አሉ።

ሚስታቸው ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ተናገረ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተናገረ!»

ነርሷም ደስ ብሏት ሳቀች። «ኦሊቭ ማን ናት?» አለች፤ ክፋት አስባ አይደለም።

የሚስታቸው ደስታ እዚያው ቀረ። ባላቸው ከመጋባታቸው በፊት ለትምህርት ባሕር ማዶ ቆይተው ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አከራያቸው ድመት። ኦሊቭ የምትባል ሰው ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ቤት ከተመለሱ በኋላ ነገሩ ባሰ። ደረታቸውን ሜንቶል ሲያሹላቸው «ኦሊቭ»። ዱላቸውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን አሮጌውን ሊኖሊየም በዱላው ጫፍ መታ መታ አድርገው «ኦሊቭ»። በቀስታ፣ አንድ ትልቅ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የሚሉት።

መምህሩ አንዲት ልጅ አለቻቸው። መካኒክ ናት፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ የጭነት መኪና ትጠግናለች። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ግንባራቸውን ልትስማቸው ጎንበስ ስትል እጇን ያዙ። የሞተር ዘይት ጥፍሯ ሥር ገብቶ አልለቅ ያለበትን እጅ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ኦሊቭ» አሉ።

እናቷ ከምድጃው ዘወር ሳይሉ፣ «ይኸው ደግሞ ለልጁ ስሟን አወጣላት» አሉ።

«እማዬ፣ ኦሊቭ እኮ ፍሬ ናት። ሱቅ በጠርሙስ ትሸጣለች።»

«የሴት ስምም ነው። ጠይቄያለሁ።»

«ማንን ጠየቅሽ?»

«የጠየቅሁትን ጠየቅሁ። ፍሬ ከሆነች ታዲያ ወለሉ ምን ቤት ነው? ወለሉ ፍሬ ያፈራል?» የወጡን ማማሰያ ድስቱ ጠርዝ ላይ ጣ አደረጉት። «እኔ አልቀናሁም። በዚህ ዕድሜዬ ምን ሊያስቀናኝ! ብቻ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ከስሜ በፊት ስሟ መምጣቱ ነው የከነከነኝ።»

የእናቷ ጀርባ እንደተናደደ ሰው ጀርባ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

በየሳምንቱ ቤት እየመጣች መምህሩን የምታለማምድ የንግግር ሐኪም ነበረች። ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ልጅቱ በር ላይ ስትሸኛት ስለ «ኦሊቭ» ጠየቀቻት።

«አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲታመም አንድ ቃል ላይ ይጣበቃል» አለቻት ሐኪሟ። «ቃሏ ምንም ትርጉም ላይኖራት ይችላል። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሷ ብቻ መውጫ አግኝታ ይሆናል።»

«ግን ለሁሉም ነገር አይሏትም። ዳቦ ሲያዩ አይሉም። ሻይ ሲያዩ ይታገሉና ይተዉታል።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች ቆም አለች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ሞተር አንዳንዴ ብቻ ሲያንኳኳ፣ ለምን ከማለቴ በፊት መቼ ነው የምለው።»

በማግሥቱ መካኒኳ ጋራዥ ሳትገባ ቀረች። አባቷን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ከቤትም ከጋራዥም የለቃቀመችውን አንድ ትሪ ሙሉ ዕቃ አመጣች። አንድ በአንድ ታነሣላቸዋለች። ማንኪያ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልፍ፣ ነቀነቁ። የምግብ ዘይት፣ «ኦሊቭ!» አሉና ሳቁ። ቅቤ አቀረበችላቸው፤ አሸተቱ፣ አሰቡ፣ እምቢ አሉ። ይሄኔ ገረማት። ቅቤና ዘይት ምን ለያቸው?

የሞተር ዘይት አነሣች። «ኦሊቭ።» ግሪስ በጣቷ ጠንቁላ አሳየቻቸው። ለእሷ ወንድምና እህት ናቸው፤ አንዱ ቀጠነ አንዱ ወፈረ እንጂ። አባቷ ግን እጇን ገፋ አደረጉት። በትናንሽ ጠርሙሶች የቀዳችውን ነዳጅ አመጣች። ቤንዚኑን አሸትተው «ኦሊቭ» አሉ። ናፍጣውን አሸትተው ዝም። ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረውን ጋዝ፣ ዝም።

«አባዬ፣ እነዚህ እኮ ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚወጡት!»

መምህሩ ፈገግ ብለው በደህናው እጃቸው ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረጓት። ድሮ ተማሪ ወደ መልሱ ሲጠጋ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ልጅቱ ያን ጊዜ ገባት። አባቷ አልጠፉም። እዚያው ውስጥ ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቃሏ የተጣበቀች ቃል አይደለችም፤ የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት። እሷ ናት መልእክቱን ማንበብ ያቃታት።

ነገሩን የፈታው አንድ የቦቴ ሾፌር ነው። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ነዳጅ ሲያመላልስ ፍሬኑ ተበላሽቶበት ጋራዡ መጣ። መኪናውን ስታይለት ከቤቱ ውስጥ «ኦሊቭ» የሚል ድምፅ ሰማ።

«ይሄ ድምፅ...» አለ። «ቆፋሪው? ይቅርታ፣ መምህሩ ማለቴ ነው። ያባትሽ ቤት ነው እንዴ?»

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። መምህሩ ወጥ ቤት ውስጥ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሚስታቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ቀና አደረጉት። ያስታውሱት አያስታውሱት አይታወቅም፤ ግን ተማሪያቸው እንደነበር ገብቷቸዋል። ወዲያው በዱላቸው ወለሉን መታ አደረጉ። «ኦሊቭ።»

ሾፌሩ ወለሉን አየ። መምህሩን አየ። «ሊኖሊየም» አለ ለራሱ። «ሊኖ... ኦሊየም።» ከዚያ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ! የቅርንጫፏ ትምህርት!»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። ረጅም መንገድ ቆሞ የተጓዘ ሰው ወንበር ሲያገኝ እንደሚተነፍሰው ያለ ነበር።

«ምን ቅርንጫፍ?» አሉ ሚስታቸው ቢላዋቸውን እንደያዙ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ክፍል ገቡ። በር አጠገብ ለተቀመጠው ልጅ ሰጡትና በጆሮው አንድ ቃል ነገሩት፤ 'ኤላያ' የሚል። ይሄ ግሪኮች ዛፏን የሚጠሩበት ስም ነው አሉ። ልጁ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ሲያቀብል እሳቸው ቃሏን ትንሽ ያጣምሟታል። የዛፏ ስም ወደ ፍሬዋ፣ ከፍሬዋም ወደ ጭማቂዋ ተሻገረች። ሮማውያን ጋ ስትደርስ ፍሬዋ ኦሊቫ፣ ጭማቂዋ ኦሊየም ሆነች። ፈረንሳዮች ጋ ደግሞ ሌላ ሆነች፤ እንግሊዞች ጋ ስትደርስ ፍሬዋ ኦሊቭ፣ ጭማቂዋ ኦይል። መጀመሪያ ኦይል ማለት የወይራ ዘይት ብቻ ነበር አሉን። ሌላ አይደለም! በኋላ ነው ሰዎቹ ከሌላ ፍሬም፣ ከዓሣም፣ ከምንም የተጨመቀውን ሁሉ በዚያው ስም የጠሩት።»

ሾፌሩ ላብ አጠመቀው። «እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ረባሽ ስለሆንኩ። ቅርንጫፏ እኔ ጋ ስትደርስ ቅጠሏ ግማሹ ረግፏል። ጋሼ መጥተው ነዳጅ ያለበት ጠርሙስ ፊቴ አስቀመጡና 'ላንተ የደረሰህ ፔትሮሊየም ነው፤ ፔትራ ድንጋይ፣ ኦሊየም የወይራ ዘይት። የድንጋይ ወይራ ማለት ነው' አሉኝ። እስከ ዛሬ ቦቴዬን ሳስሞላ ትዝ ይለኛል። ከኋላዬ አንድ ጫካ ጭኜ የምሄድ ይመስለኛል።»

«ወለሉስ?» አሉ ሚስታቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ወለሉን እኔ ረስቻለሁ፣ እትዬ። ስሙ ውስጥ ኦሊየም እንዳለ ግን ይሰማል።»

የንግግር ሐኪሟ በመጣች ጊዜ መካኒኳ ገና በሩ ላይ ነው የነገረቻት። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው፣ በስልክ መዝገበ ቃላት ከፍተው፣ ትሪው ላይ የነበሩትን ዕቃዎች በእንግሊዝኛ ስማቸው አንድ በአንድ ፈለጓቸው። መምህሩ በመካከላቸው ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ።

ሊኖሊየም፣ ከተልባና ከዘይት የተሠራ ስም። ድሮ ከተልባ ዘይት ነበር የሚሠራው። ሜንቶል፣ ከናና ተክልና ከዚያው ከዘይቱ ስም። ቫዝሊን፣ የፈጠረው ሰው ሲሰይመው በጀርመንኛ ውሃ ከሚለውና በግሪክኛ የወይራ ዘይት ከሚለው እንዳጣመረው ይነገራል። ቤንዚኑን እንግሊዞች ፔትሮል ነው የሚሉት፤ የሾፌሩ የድንጋይ ወይራ። ናፍጣው ግን በእንግሊዝኛ የአንድ መሐንዲስ ስም ነው፤ የኩራዙ ጋዝ ስሙን ያገኘው ከሰም ነው፤ ግሪስም ስብ ከሚል ሌላ ቃል፤ ቅቤውም የላም አይብ ከሚል። አንድም አልሳቱም።

ሐኪሟ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሯን ወደ መምህሩ አዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ቅርንጫፎቹን ሁሉ ነፋስ ወስዶብዎት ግንዱን ይዘው ቆመው ነበር። እኔ ደግሞ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ነበር የምጠይቅዎ።»

መምህሩ በደህናው እጃቸው ምንም አይደለም የሚል ምልክት አደረጉ።

መካኒኳ ግን ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አንድ ሞተር ዘይቱ እንዲወርድ ከፍታው ነበር። ጥቁሩ ዘይት እየቀጠነ ወደ ገንዳው ይወርዳል። በሕይወቷ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ እጇን ስንት ጊዜ አርሷታል። አሁን ግን በዓይነ ሕሊናዋ አንዲት ሴት ታየቻት፤ ከማታውቀው ዘመን በፊት፣ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ፣ ከዛፍ ሥር ፍሬ የምትለቅም። ሴትየዋ ዛፏን በስሟ ትጠራለች። ያቺ ስም ከሷ አፍ ወጥታ፣ በመርከበኛ፣ በነጋዴ፣ በቄስ፣ በወታደር፣ በወዛደር አፍ አልፋ፣ በየደረሰችበት ትንሽ እየተቀየረች፣ ከቅጠልና ከፍሬ ተላቃ፣ ከመሬት ሆድ የወጣውን ጥቁር ነገር ለብሳ፣ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ትንጠባጠባለች። ሴትየዋ ብታየው ምን ትል ነበር? መካኒኳ እጇን በጨርቅ ልትጠርግ ብላ ተወችው። እንዲሁ ቆማ ዘይቱን አየችው።

ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ወደ ጠረጴዛው ተጠግተዋል። የወይራ ዘይት ጠርሙስ ይዘዋል፤ ሐኪሟ ለቤቷ ገዝታ የያዘችውን ነው ከቦርሳዋ ያወጣችላቸው።

«እና ኦሊቭ የምትሉት ወይራ ነው» አሉ እናትየዋ። «ዛፏ።»

«ዛፏ ናት፣ እማዬ።»

እናትየዋ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው መጀመሪያ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ እንባ መጣ። «እኔ ደግሞ ልቅም ያለች ፈረንጅ አድርጌ ቁጭ! ጸጉሯን ሳይቀር አውቀዋለሁ እኮ፣ ሰሞኑን ስንት ነገር ተባብለናል!» ባላቸውም ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

«ፈረንጆቹ ግን ጉደኞች ናቸው» ቀጠሉ እናትየዋ እንባቸውን እየጠረጉ። «ወለሉንም ጋዙንም በአንድ ዛፍ ስም! እኛ ወይራን ወይራ፣ ዘይትን ዘይት ብለን ለይተን እንኖራለን።»

መምህሩ ቀና አሉ። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። አንገታቸው ላይ ያ ሥር ተገታተረ፤ ልጅቱ ልታረጋጋቸው እጇን ስትዘረጋ ሐኪሟ ያዘቻት።

«ደ...» አሉ መምህሩ። «ደብ... ደብረ...»

የራሳቸው ቋንቋ ነው።

«ደብረ?» አሉ ሚስታቸው። «ደብረ ምን? ... ደብረ ዘይት?»

መምህሩ ጠረጴዛውን መቱት። አዎ! ጠርሙሱን አንሥተው ዘይቱን አሳዩ፤ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈችውን የወይራ ቅርንጫፍ ሥዕል በጣታቸው ነኩ። «ዘይት» አሉ ዘይቱን ሳይሆን ዛፏን እያሳዩ። ደግመው ዛፏን። «ዘይት።»

ሚስታቸው ወንበሩን ሳያዩ ተቀመጡ። «ጌታ የጸለየበት ተራራ» አሉ ቀስ ብለው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር ዘይት ከአናቱ የሚፈስ ተራራ ነበር የማስበው። ሰው እንዴት ሳያዳልጠው ይወጣዋል እያልኩ።» ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ተተክሎ ቀረ። «ወይራ የበዛበት ተራራ ነው ለካ። ዘይት ማለት ራሱ ወይራ ነበር። እኛም!»

«እኛም» አለች ልጃቸው።

«የወይራ ዘይት ስንል ታዲያ ... የወይራ ወይራ እያልን ነው?»

መምህሩ ባርኔጣ ያደረጉ ይመስል እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተው ለሚስታቸው ሰላምታ ሰጧቸው። ምርጥ ተማሪ ሲገኝ የሚሰጡት ነበር። አንድም ዓመት እሳቸው ክፍል ገብተው ያልተማሩት ሴትዮ እንደ ልጃገረድ ፊታቸው ቀላ።

ማንም ቶሎ አልተነሣም። ከደጅ መለዋወጫ ሲጠብቅ የሰነበተው የሾፌሩ ቦቴ ፍሬኑ ተሠርቶ ሲነሣ ተሰማ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። አራቱም አንዲትን ጠርሙስ ከበው፣ ሁለት ቋንቋዎች ሳይተያዩና ሳይመካከሩ የአንዲትን ዛፍ ስም ለሚፈስ ቅባት ሁሉ እንዴት እንዳወረሱ እያሰቡ ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሟ አሠራሯን ለወጠች። ቃል ስትፈልግ ከሥሩ ትጀምራለች። ለመምህሩ አንዱን ግንድ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው እየዳኹም ቢሆን ቅርንጫፉ ጋ ይደርሳሉ። ሁልጊዜ አይሳካም። ዳቦን ዛሬም አንዳንዴ ውሃ ይሉታል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ መጨረሻው ላይ የሚደርሱት ደክሟቸው ነው። የሚስታቸው ስም ግን ተመልሷል፤ ሲመለስ ሚስታቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ሦስቴ አስደግመዋቸዋል።

ባለፈው ዝናባማ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ በረንዳው ላይ የመኪና መለዋወጫ ዓይነት እየጻፈች ሳለ አባቷ እስክሪብቶዋን ከእጇ ወሰዱ። አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ በሁለት ጣታቸው ቀለል አድርገው ይዘው አየር ላይ አወዛወዙት።

«ላባ» አሉ።

«ላባ አይደለም አባዬ፣ ፔን...» አለችና አፏን ያዘች። ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። «እማዬ! ነይ ቶሎ፣ ሌላ ጀምረዋል። ፔን ድሮ ላባ ነበር መሰለኝ!»

እናቷ እጃቸውን እያደራረቁ መጥተው ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ተጠጉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«የፈረንጁስ ላባ ይሁን» አሉ ባላቸውን ትክ ብለው እያዩ። «የኛው ብዕርስ ድሮ ምን ነበር?»

መምህሩ አሰቡ። ቃሏ ከሩቅ ስትመጣ በፊታቸው ላይ ትታያለች። ሁለቱ ሴቶች ሳያቻኩሏቸው ጠበቁ።